ለቀረ ጓደኛ መፈረም

በኰሌጅና በዩኒቨርሲቲ ከሚዘወተሩት ልማዶች መካከል አንዱ እጅግ ትንሽ ስለሚመስል ማንም ጊዜ ሰጥቶ ሲነጋገርበት አይታይም። መምህሩ የስም መቆጣጠሪያውን፣ ተማሪው «አቴንዳንስ» የሚለውን ወረቀት፣ ከፊተኛው ወንበር ያስነሣዋል፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ኋላ ይሄዳል። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠው ተማሪ በስሙ ትይዩ ከፈረመ በኋላ ብዕሩን አያስቀምጥም፤ መኝታ ክፍል ተኝቶ ለቀረው ጓደኛው ይፈርምለታል። ቀጥሎም ጽሕፈቱን ወደ ግራ አጋደል አድርጎ ለሌላው፤ ቀጥሎም ለሦስተኛው። በዚህ ዐይነት አርባ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ሃምሳ ሁለት ሰው ይቈጥራል።

ይህ ተግባር በተማሪው ዘንድ ማጭበርበር አይባልም፤ ስሙ ጓደኝነት ነው። አልፈርምም ያለ ሰው የማይወድ፣ ለመምህር ያደረ ተብሎ ይታማል። ይህ ጸሓፊ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ብዙ ዓመት ስላልሆነው ነገሩን በወሬ ሳይሆን በዐይኑ ያውቀዋል። ስለ ተማሪ የግል ኃላፊነት ሲነሣ እንደ ተለመደው ስለ ጫት፣ በየከተማው ስለ ተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚታየው ስልክ መጻፍ ይቻል ነበር። የእነዚህን ክፉነት የሚጠራጠር የለም፤ የሚያደርጋቸው ተማሪ ራሱ እንኳ ክፉ መሆናቸውን ያውቃል። ለጓደኛ መፈረም ግን እንደ ደግነት ይቈጠራል። ደግነት እየመሰለ የሚገባ ነገር ደግሞ በሰው ጠባይ ውስጥ ሥር ለመስደድ የሚከለክለው የለም።

ነገሩን ወደ አንድ ስፍራ ወስደን እንመልከተው። ዱራሜ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ሃምበሪቾ ተራራ ከአጠገቧ የቆመ፣ ዙሪያዋን እንሰት የከበባት ከተማ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆሳዕና ሲሆን አንዱ ካምፓስ በዱራሜ ይገኛል። ስለዚህ የዱራሜ ሰው ተማሪን ከሁለት ወገን ያውቀዋል፤ የራሱን ልጅ ወደ ጐንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የሌላውን አገር ልጅ ደግሞ በከተማው ተቀብሎ ያስተናግዳል።

ምደባው የወጣለት ልጅ በመናኸሪያው ቆሞ ሻንጣው ሲጫን በኪሱ ያለው ገንዘብ ከየት መጣ ቢባል፣ ከጓሮ ነው። አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በዚህም መካከል እየተነቀለ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ይተከላል። ከዚያም ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይብላላል፣ ቆጮ ሆኖ ለገበያ ይወጣል። የመፋቁንና የማብላላቱን ድካም የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። ከጓሮው ሌላ ያለ እንደ ሆነ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከከፈተ ወንድም የሚላክ ነው። ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ አገር መሰደዳቸው የታወቀ ነው፤ ሱቃቸው እየተዘረፈባቸው፣ ሕይወታቸውም የሚጠፋበት ጊዜ እያለ ያገኙትን ነው የሚልኩት። እንግዲህ ልጁ በጧቱ ክፍለ ጊዜ ተኝቶ ሲቀር የተኛው በእነዚህ ሰዎች ገንዘብ ነው። ይህን ስል ተማሪ እንቅልፍ አይተኛ ማለቴ አይደለም። ተኝቶ ሳለ ነቅቻለሁ የሚል ወረቀት መኖሩ ነው የሚያሳዝነው።

ከቤተ ሰብ ሌላ ሁለተኛ ከፋይ አለ፤ እሱም ነገ የሚመጣው ያው ተማሪ ራሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ ከመንግሥት ጋር እንዲጋራ ደነገገ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሥርዐት መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቈረጠ እንዲከፍል ውል ይገባል። ይህን ውል አንብቦ የሚፈርም ተማሪ ስንት ነው? ሰልፉ ረዥም ነው፤ ብዕሩ በክር ታስሯል፤ ከፊት ያለው የት ላይ እንደ ፈረመ አይቶ የኋለኛው ይፈርማል። ዓመታት አልፈው ማስረጃውን ሊወስድ የሄደ ዕለት ዕዳው በቍጥር ተጽፎ ሲሰጠው ነው «ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» ብሎ የሚደነግጠው። አንዱ እጅ በአንድ ወቅት ሁለት ነገር ይሠራል፤ ራሱ የሚገደድበትን ሳያነብ ይፈርማል፤ የማይመለከተውን ደግሞ በሌላ ሰው ስም ይፈርማል።

ትምህርቱን የሚመሩት ሰዎች ይህን ጉድለት አላዩትም አይባልም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች አንዱ ሥነ ልቡና ሲሆን በውስጡ የሕይወት ክህሎት የሚባል ክፍል ተጨምሮበታል። ራስን ስለ ማወቅ፣ ጊዜን ስለ መጠቀም፣ ጭንቀትን ስለ መቋቋም፣ የጓደኛን ግፊት ስለ መመከት ያስተምራል። መልካም መጽሐፍ ነው። ዳሩ ግን ስለ ጓደኛ ግፊት በሚነገርበት ሰዓት ወረቀቱ ሲዞር ስንት ጓደኛ ለስንት ጓደኛ እንደሚፈርም የተመለከተ ሰው ሳቁን መያዝ ይቸግረዋል።

ይህ ክህሎት በአገራችን የለም እንዳይባል ዕድርን እንመልከት። ሐዘን በወደቀበት ቤት ዕድርተኛው ተሰብስቦ ጸሓፊው ስም ሲጠራ ለቀረ ጎረቤት «አቤት» የሚል ሰው የለም። ቢል ያስቃል። የቀረው ቅጣቱን ይከፍላል፤ የታመመ እንደ ሆነ ይነገርለታል፤ የመጣም ይታያል። ዕድር ጸንቶ የቆየው በደብተሩ ላይ ያለው ስምና በድንኳኑ ሥር ያለው ሰው ስለሚመሳከሩ ነው፤ ባይመሳከሩማ አስከሬን የሚሸከም ይጠፋ ነበር። በከምባታና በሀዲያ ደግሞ ባህላዊው ሕግ «ሴራ» ይባላል። (አማርኛችን ይህን ቃል ለተንኰልና ለአድማ ማዋሉ ያስገርማል፤ በዚያ አገር ሴራ ማለት ሰው ተስማምቶ የሚተዳደርበት ሥርዐት ነው።) በሴራው ሽማግሌዎች ፊት ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ቢያፈርስ ከማኅበራዊ ኑሮ እስከ መገለል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ አገር የወጣ ልጅ ኃላፊነትን አያውቅም ለማለት አይቻልም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ግን ከቤቱ ትቶት የሚሄድ ይመስላል። ምክንያቱም በግቢው ውስጥ እሱ በመቅረቱ ሳይነሣ የሚቀር ሬሳ የለም።

የቡድን ሥራ የሚባለውም ከዚሁ አይርቅም። አምስት ሰው ይመደባል፤ አንዷ ልጅ ትጽፋለች፤ አንዱ የማተሚያውን ብር ያዋጣል፤ ሦስቱ ስማቸውን ይሰጣሉ፤ ከሦስቱም አንዱ የመታወቂያ ቍጥሩን አሳስቶ ይልካል። ውጤቱ ሲነገር አምስቱም እኩል ይደሰታሉ። ደስታው የሚያልቀው ሰው ለብቻው የሚቀመጥበት ቀን ሲመጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ ያህል፣ ማለት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ የተማሪ ስንፍና ነው ማለት ሐሰት ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ መምህር ያልተመደበለት፣ በጦርነት መካከል የተማረም ነበረበት። ይሁን እንጂ አንዱ በሌላው ወረቀት የሚያልፍበት መንገድ በጠበበ ጊዜ ምን ያህል ባዶ ስፍራ እንደ ታየ መካድ አይቻልም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ደግሞ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ያህል፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያ ፈተና ኮምፒዩተሩ ፊት የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቡድኑን ሥራ የጻፈችው ልጅ ከጎኑ አትቀመጥም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጉዳቱ የፈራሚውና የአስፈራሚው ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል በቅርቡ ተመርቀው በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች የተቀጠሩ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ እነሱም የምለውን ቀድመው የገመቱት ይመስለኛል።

እንሰትን የሚያጠፋ፣ አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑ በአገራችን ተጠንቶ የታወቀው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል ከሚሸጋገርበት መንገድ ዋነኛው የሰው እጅ ነው፤ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቈርጥ። መከላከያውም የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ስለ ሆነ ይህንን በየጓሮው እየዞረ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ሃያ ጓሮ እንዲያይ ተልኮ ስምንቱን እንዳየ ዝናብ መጣ እንበል። በቅጹ ላይ ሃያ ስም አለ፤ በያንዳንዱ ስም ትይዩ የፊርማ ቦታ አለ። ወደ ከተማ ተመልሶ፣ ቡና አዝዞ፣ የቀሩትን ዐሥራ ሁለቱን ራሱ ይሞላቸዋል፤ ጽሕፈቱን ወደ ግራ አጋደል እያደረገ። የውሎ አበሉንም ያንኑ ቀን ይፈርማል። ይህ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። ይህንን የእጅ ሥራ አራት ዓመት ሙሉ በነጻ ሲለማመደው ኖሮ አሁን ደመወዝ ተከፈለው፤ ሌላ ምንም አልተለወጠም።

ቅጹ ወደ ዞን ይሄዳል፤ ከዞንም ወደ ክልል። በሪፖርቱ ላይ ሃያ ጓሮ ታይቷል ተብሎ ይደመራል። ባልታዩት ዐሥራ ሁለት ጓሮዎች ውስጥ ግን ቢላዋው ሥራውን ይቀጥላል። ከእነዚያ አንዱ፣ ቢተርፍ ኖሮ፣ ሌላ ልጅ ሻንጣ አሲዞ ወደ መናኸሪያ የሚልክ ጓሮ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «መምህሩ ራሱ ሁለት ሳምንት ይቀር የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። የሚቀር መምህር መኖሩ እውነት ነው፤ እሱም ሊጠየቅ ይገባዋል። ግን በሐሰት የሚፈርም ተማሪ መምህሩን «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅበት አፍ ከየት ያመጣል? ይህን ክርክር በዚሁ እንለፈው። ሁለተኛው ክርክር ግን ከባድ ነው። «የቀረው ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ሌሊት ሲሠራ ያደረ ድኻ ቢሆንስ? መቅረቱ ቢበዛበት ከፈተና ይታገዳል፤ ፊርማው እኮ አዳነው!» ይላሉ። እኔም በዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ አስቤበታለሁ።

እንደ ዕውነቱ ከሆነ የሐሰት ፊርማ ከስንፍና ይልቅ የሚሸፍነው ችግርን ነው። ሌሊት በጥበቃ ወይም በሆቴል ሲሠራ የሚያድር ተማሪ በወረቀት ላይ በየጧቱ ክፍል ውስጥ አለ። ከቤት ገንዘብ ስለ ተቋረጠባት ከአልጋ መነሣት ያቃታት ልጅ በወረቀት ላይ ደኅና ናት። ልቡ ጨልሞበት ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ሲመለከት የከረመ ልጅ በወረቀት ላይ አንድም ቀን አልቀረም። መምህሩ ወረቀቱን ያያል፤ ክፍሉ ሙሉ ነው። የተማሪዎች ምክር አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ማንን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ የጐደለ ሰው የለማ! ጓደኛው ለሦስት ሳምንት ያደረገለት ውለታ ልጁን ከሰው ዐይን መሰወር ነው። በዕድር ሥርዐት ቢሆን «እገሌ ዛሬም የለም፤ ምን ነካው?» ተብሎ ወደ ቤቱ ሰው በተላከ ነበር። መቅረቱ እንዲታወቅ ማድረግ ጭካኔ የሚመስለው ቅጣት ብቻ ለሚታየው ሰው ነው።

የከምባታ ሰው በዚህ ነገር የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውኃ ሊቀዱ ወጥተው በድብቅ ፊደል የቈጠሩ፣ በኋላም በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የተማሩ የዚያ አገር ልጅ ነበሩ። በአሜሪካ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ አሰባስበው ለአገራቸው ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ልከዋል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከእኅታቸው ጋር ሆነው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። ስለ ኤድስና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊያነጋግሩ ሲመጡ የአገሩ ሰው የጠየቃቸው ግን ሌላ ነበር፤ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እኛም ወደ ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ የለንም አላቸው። እሳቸውም ስብሰባ ጠርተው፣ የተገኘውን ሰው አስፈርመው፣ ግንዛቤ ሰጥተናል ብለው መመለስ ይችሉ ነበር፤ እንዲህ ያለው ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሞልቷል። እሳቸው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ግርዛት የተናገሩትን ሰው አደመጣቸው፤ ከሞላ ጐደል በሁሉም ሴቶች ልጆች ላይ ይፈጸም የነበረው ልማድ በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። በ2005 ዓ.ም. የቤልጅጉን የንጉሥ ቦዱዋን የአፍሪካ ልማት ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መቆጣጠሪያውን ማጥበቅ ብቻ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የጣት አሻራ መሣሪያ የተተከለባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ጧት አሻራውን አስነክቶ ወደ ሻይ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ ግን ዛሬም አልጠፋም። በአሜሪካ አገር የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1893 ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር፤ ፈተናው ያለ ጠባቂ እንዲሰጥና እያንዳንዱ ተማሪ አለመኰረጁን በክብሩ አረጋግጦ በወረቀቱ ላይ እንዲፈርም ተደረገ። ይህን እንዳለ እዚህ እናምጣው አልልም፤ አርባ ሰው ተቀምጦ ሃምሳ ሁለት ፊርማ በሚገኝበት ክፍል ጠባቂውን ማስወጣት ቀልድ ይሆናል። ለቡድን ሥራ ግን ቀላል ዘዴ አለ፤ መምህሩ ከአምስቱ አንዱን ዕጣ አውጥቶ ያስቁመውና ስለ ሥራው ይጠይቀው፤ የእሱም መልስ የአምስቱ ውጤት ይሁን። ሁለት ጊዜ ቢደረግ በሦስተኛው አምስቱም አንብበው ይመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የምደግፈው ግን ተማሪው ቢቀር የሚያስታውቅ ሥራ እንዲሰጠው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ያጕረመረመ ተማሪ ብዙ ነበር። ሆኖም ሃምሳ ሕፃን ተቀምጦ ሲጠብቅ ለቀረ መምህር ማንም ጓደኛ ሊፈርምለት አይችልም፤ ሕፃናቱ ራሳቸው ለአገሩ ሁሉ ያወሩበታል። ዛሬ አንድ ዓመት ሙሉ ይሂዱ ማለት ባይቻል እንኳ የዱራሜ ካምፓስ ተማሪ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት ሄዶ ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ቢያስረዳ የሚጠይቀው ወጪ የጠመኔ ያህል ነው። ስለ ሰዓት አጠቃቀም ከተጻፈው ምዕራፍ ይልቅ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ለምን ቀሩ?» የሚል የሰባት ዓመት ልጅ ያስተምረዋል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ክፍል አለ። ጓደኛህ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «ፈርምልኝ» ይልሃል። አልፈርምም ብሎ በሩን ዘግቶ መሄድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን እሱንም ጓደኝነት አልለውም። ብርድ ልብሱን ግለጥና ፊቱን እየው። ታሞ እንደ ሆነ ወደ ክሊኒኩ ውሰደው። ሌሊት ሲሠራ አድሮ እንደ ሆነ ይተኛ፤ ማታ ደብተርህን ስጠው፤ እሱ ከፈቀደ ለመምህሩ አብረኸው ገብተህ ተናገርለት። የተኛው ብርድ ፈርቶ ብቻ እንደ ሆነ ደግሞ ብርድ ልብሱን ይዘህበት ውጣ።